የቦርዴ እህል በወላይታ

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ዜና መዋዕልና ወደ ሐውልት ያመራል፤ ወደ ማጀት የሚዘልቀው ጥቂት ነው። ነገር ግን በዳሞታ ተራራ ሥር በምትገኘው በሶዶና በመላው የወላይታ ምድር፣ እህልና እርሻ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጡ የቦርዴ ጋን ብዙ ይመሰክራል።

ቦርዴ ጌሾ የማይገባበት፣ ወፍራም፣ ድፍርስና ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ነው። አልኮሉ ዝቅተኛ ሲሆን ሳይበላሽ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው። ለሠርቶ አደሩ የምሳን ቦታ የሚተካበት ቀን ብዙ ነውና ከመጠጥነቱ ይልቅ ወደ ምግብነቱ ያደላል። ስለዚህም ስለ ቦርዴ እህል መናገር ስለ ሕዝብ ቀለብ መናገር ነው።

ጠማቂዋ በመጀመሪያ ዱቄቱን በውሃ ለውሳ እንዲኮመጥጥ ትተወዋለች። ከፊሉን በምጣድ አምሳ እንኩሮ ታደርገዋለች፤ እንኩሮውንም ከብቅል ጋር ትጠነስሰዋለች። ቀጥሎ የበሰለ ሊጥና ገንፎ፣ ዳግመኛም ብቅል እየጨመረች ትደፈድፈዋለች፤ በመጨረሻም በወንፊት ታጠልለዋለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት የሥራ ድርሻዎች አሉ። ያልበቀለው እህል ስታርች ያቀርባል፤ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። ከዚያ በኋላ እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የየበኩላቸውን ይፈጽማሉ።

ድርሻዎቹ ቋሚ ናቸው፤ ድርሻውን የሚሸከመው እህል ግን ይለዋወጣል። የደጋው ገብስና ስንዴ፣ የቆላው ማሽላና በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍም ጭምር ሁሉም በየተራቸው ወደ ጋኑ ገብተዋል። ይሁን እንጂ መተካት ማለት አንዱን አውጥቶ ሌላውን መጨመር ብቻ አይደለም። የበቆሎ ብቅል ስታርችን የመለወጥ ኃይሉ ከገብስ ብቅል ያንሳል። የገብስ ብቅል ያጣች ሴት በበቆሎ ስትተካው መጠኑን ማብዛትና ጊዜ ሰጥቶ መጠበቅ ግድ ይላታል። ይህን ሚዛን ያወቀችው ከእናቷ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ አይደለም።

በቆሎ ራሱ እንግዳ የነበረ እህል ነው። መነሻው አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ የተሻገረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በኋላ ነው። አማርኛ «የባሕር ማሽላ» የሚል ስም ማውጣቱ አዲሱን እህል በነባሩ ስም ለማላመድ የተደረገ ይመስላል። ወላይታው ደግሞ «ባዳላ» ይለዋል። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና «ዋዱ» በሚለው አጭር ስሙ የታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ሲያዳርስ፣ የበቆሎ ቦታ ይበልጥ ሰፋ። ማሳው ሲለወጥ ጋኑም ተከተለው።

ይህ ጥበብ በሌላው ዓለም በምን መንገድ ተፈታ? በአሜሪካ የአልኮል እገዳ ዘመን (1920–1933 እ.ኤ.አ.) በጓዳው ቢራ የሚጠምቀው ቤተሰብ የሚገዛው የተጨመቀ የብቅል ሽሮፕ ነበር። ስታርቹ በፋብሪካ ውስጥ ስኳር ሆኖ ስለሚደርሰው ከባዱ ሥራ ተቃሎለታል። በናይጄሪያ በአንጻሩ መንግሥት በ1988 እ.ኤ.አ. የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ በከለከለ ጊዜ፣ ታላላቅ የቢራ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ማሽላና ወደ በቆሎ አዞሩ። ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ የመረመሩትን ጥያቄ የአፍሪካ ጠማቂ ሴት በምጣዷና በጋኗ ስትፈታው ኖራለች።

ይህ ዕውቀት ግን የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በ1977ቱ ረሀብ ወላይታ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። እህል ባነሰ ቁጥር የትኛው ወደ ጋን፣ የትኛው ወደ ልጅ አፍ፣ የትኛውስ ለዘር እንደሚቀር መወሰን በቤቱ እመቤት ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ፍርድ ነው። አንዱን እህል በሌላው ለመተካት መቻል በዚያ ሰዓት ቤተሰብን የማቆየት ብልሃት ይሆናል።

እንግዲህ ባህልን የሚመዘግብ መምህርም ሆነ የጥበብ ሰው «ቦርዴ ከምን ይሠራል?» ብሎ ጠይቆ አንድ የእህል ዝርዝር ይዞ ቢመለስ፣ የያዘው የአንድ ዓመት ምርት ታሪክ ብቻ ነው። «ይህ ባይኖርስ በምን ይተካል? ስለምንስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ቅርሱ ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው፤ መልሱን የሚያውቁት እናቶችም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።