ጣሪያው

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ስለመውረሱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 76/1968 ነው። ይህ አዋጅ ትንሹን ነጋዴ አልወረሰውም፤ ጣሪያ ሠራለት። የችርቻሮ ካፒታል ከ200 ሺህ፣ የጅምላ ከ300 ሺህ፣ የኢንዱስትሪ ከ500 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ደነገገ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ሥራ እንዳይዝም ከለከለ። ሁለተኛ ሥራ መክፈት ከተከለከለ፣ ሁለተኛ ሠራተኛ ለምን ይቀጠራል?

በዚህ ላይ የንግድ ትርፍ ግብር ከፍተኛው መጣኔ 89 በመቶ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ነጋዴው አጎቴ ሁለት ደብተር ነበረው፤ አንዱ ለግብር ሰብሳቢው፣ ሌላው ከፍራሹ ሥር። ሠራተኛ ቢያበዛ ማደጉ ይታወቅበታልና ከልጆቹ በቀር ሱቁ ውስጥ ሰው አላስጠጋም።

የካፒታል ጣሪያው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ተነሣ። የግብሩ መጣኔም በኢሕአዴግ ዘመን በእጅጉ ቀነሰ። ሁለቱ ደብተር ግን አልጠፋም። ለዚህም ነው በ2009 ዓ.ም. መንግሥት የደረጃ ‹‹ሐ›› ነጋዴዎችን፣ ማለትም ያኔ የዓመት ገቢያቸው ከ500 ሺህ ብር የማይደርሰውን፣ የቀን ገቢ በግምት ሲተምን ማንም ማንንም ያላመነው። ገማቹ ‹‹ይደብቃሉ›› ብሎ ከፍ አደረገ፤ ነጋዴው ‹‹ብናገርም አልታመን›› ብሎ ዝም አለ። በሐምሌ ወር አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በየሱቁ ያለ ውል የሚላላኩት ልጆች በየትኛውም ደብተር አልነበሩምና፣ የስንቱ የዕለት እንጀራ እንደቀረ የቆጠረ የለም።