ዜና ሕይወቱ ለቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ዘጎጃም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የቀደሙት ጸሓፊዎች የነገሥታቱን ዘመቻና ሹመት፣ ግብርና ምርኮ ጽፈው አቈዩን። ንጉሡን ያወደሰውን ባለቅኔ ግን ስሙን ሳያነሡ አለፉት። እኛ ደግሞ የአንድ ባለቅኔ ዜና እንጽፋለን።

ምዕራፍ ፩፤ ስለ ልደቱና ስለ ትምህርቱ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጎጃም ነግሠው ሳሉ፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ ዮፍታሔ ንጉሤ በደብረ ኤልያስ ተወለደ። ይህችም ደብር ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ትቈጠራለች፤ ነገር ግን ከምዕራብ ጎጃም ጋራ ወሰንተኛ ናት፣ ቅኔውም ወሰን አያውቅም። በዚያ ሀገር ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ይለምናል፤ ማታም ከጎጆው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል አድርጎ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይወጣል።

የቅኔም ሕግ ይህ ነው፦ ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፣ ለዕለቱ ይባላል፣ ከዕለቱ ጋራ ያልፋል። የትናንቱን ዛሬ የደገመ ተማሪ ከባልንጀሮቹ ፊት ያፍራል። ዮፍታሔ ያደገው በዚህ ሕግ ነው፤ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ያዝልን።

ምዕራፍ ፪፤ ወደ አዲስ አበባ እንደ ወጣና መዝሙሩን እንደ ደረሰ።

ከዚህም በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። ስሙም ከቀኝ ጌታነት ማዕርጉ ጋራ ይጠራ ነበር። ቀኝ ጌታ ማለት በቅኔ ማሕሌት የቀኙን ወገን የሚመራ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጽፈው ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ ዮፍታሔ ሰምና ወርቁን ከቅኔ ማሕሌት አውጥቶ ወደ መድረክ አመጣው። ተማሪዎቹንም ዜማና ንግግር አስጠና። ከድርሰቶቹም «ምስክር»፣ «እያዩ ማዘን»ና «አፋጀሽኝ» ይገኙባቸዋል።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አግኝተው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው፤ የሙዚቃ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን አብሮ መጣ። የመንግሥቱን መዝሙር ዜማ ናልባንዲያን ሠራው፣ ግጥሙን ዮፍታሔ ደረሰው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዕለተ እሑድ፣ ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ይኸው መዝሙር ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆሞ ዘመረው። ደራሲው ማን እንደ ሆነ ግን ከሚዘምሩት ብዙዎቹ አያውቁም ነበር።

ምዕራፍ ፫፤ ስለ ስደቱ።

በ1928 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ኢጣልያ አዲስ አበባ ገባ። ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደደ። ሰይፍ የያዘው በየጫካው ቀረ፤ በምዕራብ ጎጃም ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ አርበኛውን ይመሩ ነበር።

ምዕራፍ ፬፤ ሰንደቅ ዓላማው በጎጃም እንደ ተመለሰ።

በ1933 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በሱዳን ወሰን በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። የእንግሊዙ ኮሎኔል ዊንጌት ጭፍራውን በመጽሐፈ መሳፍንት በተጻፈው በጌዴዎን ስም ጠራው፤ ሰው ጥቂት፣ ጠላትም ብዙ ነበርና። ግመሎቹ በየመንገዱ አለቁ። የቡሬና የማንኩሳ ምሽጎች ከጥይት ሌላ ቃልም ተወረወረባቸው፤ በአማርኛ የታተመ ወረቀት ተበተነ፣ ጠላትን ከድታችሁ ኑ የሚል ጥሪ በድምፅ ማጉያ ተሰማ። ዐቢይ ጾም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ የካቲት 25 ቀን፣ ጠላት ቡሬን ለቆ በማንኩሳና በዛሬዪቱ ፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ። በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ ቡሬ ደረሱ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ልክ በ5 ዓመቱ አዲስ አበባ ገቡ። የመዝሙሩ ባለቤት የተወለደበት ጎጃም መዝሙሩ ወደ ዋናው ከተማ የተመለሰበት ደጅ ሆነ።

ምዕራፍ ፭፤ ስለ ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ ስለ ሆነው።

ዮፍታሔም ከስደት ተመለሰ፤ ነፃነትንም አይቶ በ1939 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ዐረፈ። ሕይወቱንና ጽሑፉንም ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ መርምሮ ጻፈ።

መድገም ነውር ከሆነበት ጉባኤ የወጣው ይህ ሰው፣ አገር በሙሉ 44 ዓመት ያህል ሳይለውጥ የደገመውን ቃል ደረሰ። ዘውዱ በ1967 ሲወድቅ መዝሙሩም አብሮ ቀረ፤ የቅኔውን ሕግ በስተመጨረሻው ፈጸመ። ዛሬ የሚያውቁት በልጅነታቸው ከሰልፍ ቆመው የዘመሩት ሽማግሎች ናቸው፤ እነርሱም ዜማውን ሲያነሡት ሳያውቁት ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

የደብረ ኤልያስ ወሰንተኛ ምዕራብ ጎጃምም አልመከነም። ፍኖተ ሰላም የዞኑ መቀመጫ ናት፤ ቡሬም በበርበሬዋ የታወቀች፣ ወደ ነቀምት የሚወርደው መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለችውን ማንኩሳን ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አገር አደረጋት፤ በዘመናችንም ገጣሚው በዕውቀቱ ሥዩም ተወለደባት። በየደብሩ ያለው የቅኔ ተማሪ ግን የዮፍታሔን አይዘርፍም፤ መምህሩ ያንን አይቀበለውምና። ለነገው ክብረ በዓል የራሱን አዲስ ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት፤ ማታም ከጎጆው ተቀምጦ ይቈጥራል።

ተፈጸመ።