ድንክ ኖቫ
«ኖቫ» በላቲን «አዲስ» ማለት ነው። ድንክ ኖቫ ግን አዲስ ኮከብ አይደለም፤ ስሙ ያሳስታል። ነጭ ድንክ የሚባል፣ ነዳጁን የጨረሰ ጥቅጥቅ ያለ ኮከብ ከጎረቤቱ ጋዝ ይስባል። ጋዙ ዙሪያውን እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይጠራቀማል፤ በዝቶ ሲግል በፍጥነት ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ብርሃኑም ይገነፍላል። ሉዊዛ ዌልስ በ1896 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ውስጥ ያገኘችው ድንክ ኖቫ፣ ኤስኤስ ሲግኒ፣ በየ7 ወይም 8 ሳምንቱ ገደማ 40 እጥፍ ያህል ይደምቃል። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለዚህ ኮከብ ግን ትንሽ ቴሌስኮፕም ትበቃለች። በቆሼ አካባቢ የምታስተምሩ የሳይንስ መምህራን ሆይ፣ በመስከረምና በጥቅምት ምሽት ተማሪዎቻችሁን ከመንገድ መብራት አርቃችሁ በሰሜን በኩል ኮከቡን በቴሌስኮፕ አሳዩአቸው፤ ድምቀቱን ከአጎራባች ከዋክብት ጋር እያነጻጸሩ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዝግቡ።