ለማስተማር መማር

እስቲ ዛሬ ጎልማሶችን ስላስተማሩ ወጣቶች እናውጋ።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ። የሄዱበትን አገር ቋንቋና ወግ የማያውቁ ብዙ ነበሩ። ታዲያ ካልተግባቡ ፊደሉ ምን ያደርጋል?

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፈተ። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀመረ፤ በኋላ 15 ደረሱ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ሰው በአፍ መፍቻው ሲማር ቶሎ ይገባዋል።

ቋንቋ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዘዴም ያስፈልጋል። በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ የተቋቋመው በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ፔዳጎጂ ማለት የማስተማር ጥበብ ነው። ከአካዳሚው ዓላማዎች አንዱ የጎልማሶች ትምህርት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ።

ዘዴው ምንድን ነው? ለምሳሌ ጣና ዳር እንውረድ። እዚያ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ወጣቱ አስተማሪ መጀመሪያ ባለሙያውን ይጠይቅ፤ «አባቴ፣ ታንኳ እንዴት ይሠራል?» ይበል። ባለሙያው ያስረዳዋል፤ ወጣቱ ይማራል። ከዚያ «ታንኳ» የሚለውን ቃል አብረው ይጽፋሉ። አያችሁ፣ ሰውየው ያልነበረው ፊደል እንጂ ዕውቀት አይደለም።

እናንተም ነገ ለጎረቤታችሁ ፊደል ስታሳዩ ይህን አስታውሱ። አዋቂን አታሳፍሩ፤ ያፈረ ሰው አይመለስም። አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ አዳምጡት። ከዚያ በኋላ አስተምሩት።