ከቃሬዛ እስከ ብስክሌት፤ ስለ ታማሚ መንገድ መውጣት በሐይቅና በአምባሰል

ሚስቱ በነቀርሳ፣ ዛሬ ካንሰር በምንለው በሽታ፣ ተይዛ በቤት ተኝታ ሳለች ባል ለበሽተኞች መርጃ ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ቢሳተፍ የሐይቅ ሰው ምን ይለዋል? ጥያቄው በውይይት ክበባችን በተነሣ ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ «አስታማሚ ከአልጋ አጠገብ አይለይም» ሲሉ ፈረዱበት። እኛም በመጀመሪያ በዚሁ አሳብ ነበርን። የአገሩን ልማድ ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመረምረው ግን ፍርዱ የቸኮለ ሆኖ አገኘነው።

በሐይቅና በአምባሰል ስለ ታመመ ሰው መንገድ መውጣት የቆየ ነገር ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ካስፋፉት ወዲህ በትምህርትና በጸሎት የታወቀ ስፍራ ነው። ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ የተሳለችውን ጧፍና ዕጣን የሚያደርስላት ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ነው። እንግዲህ ባል ከታመመች ሚስቱ ተለይቶ መሄዱ በዚህ ስፍራ ነውር ሳይሆን ግዴታ ነበር ማለት ነው። ሙስሊሙም እንዲሁ ወደ ጀማ ንጉሥ ወይም ወደ ጌታ ለዚያራ ይሄዳል፤ በቤትም ወዳጃ ተቀምጦ ለታማሚው ዱዓ ይደረጋል።

ነገር ግን ስለት ውል ያለበት ነገር ነው። «ብትድንልኝ ይህን አገባለሁ» ይባላል፤ የሚከፈለውም ከዳነች በኋላ ነው። የብስክሌቱ ጉዞ ግን አስቀድሞ ይከፈላል፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለማይታወቅ በሽተኛ ይውላል እንጂ ለጋላቢው ሚስት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጉዞውን ከስለት ጋር ብቻ ማመሳሰል አይበቃም። የቅርብ ዘመዱን ያገኘነው በቃሬዛው ነው።

በወሎ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር ቅሬ ይባላል። ቅሬ ሙት መቅበር ብቻ አይደለም፤ መኪና በማይገባበት ቀበሌ ሰው በጠና ሲታመም ጎልማሶች በቃሬዛ አድርገው እስከ መኪና መንገድ ያደርሱታል። ዳገትና ቁልቁለቱን ትከሻ እየተለዋወጡ ይጓዛሉ፤ በመንገድ ያገኙትም ሰው ጥቂት ሳያግዝ ማለፍ ያፍራል። እዚህ ላይ «ሚስትህ ናትና አንተ ብቻ ተሸከም» የሚል የለም። ዛሬ የጎረቤቱን ሚስት የተሸከመ ነገ የእርሱን ሚስት ይሸከሙለታል፤ የማያውቃትን የተሸከመውም ሒሳብ አይጠይቅም። ለማናውቀው በሽተኛ በገዛ ጉልበት መድከም ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን ያስተዋሉት አይመስለንም።

ብስክሌት ራሱ በእርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው የመኪና መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠራው የአዲስ አበባና የአሥመራ መንገድ ክፍል ነው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል።

ለካንሰር በሽተኞች ሲባል ረጅም መንገድ መጓዝ በዓለም የታወቀው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያ ዓመት አንድ እግሩን በካንሰር ያጣው ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽታው ስለተመለሰበት አቆመ፤ በማግሥቱም ዓመት ሞተ። በዚያው በ1980 በአሜሪካ እናቱን በካንሰር ያጣው ቢሊ ስታር 36 ብስክሌተኞችን ይዞ ከስፕሪንግፊልድ እስከ ፕሮቪንስታውን ተጓዘ። በአገራችን በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የማሰባሰብን ልማድ አስፋፍቷል። አቶ ወንዱ በቀለም ልጃቸው ማቲዎስ በሕፃንነቱ በደም ካንሰር ከሞተ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በስሙ የሚጠራውን የካንሰር ማኅበር መሠረቱ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ቢሊ ስታርና አቶ ወንዱ የተነሡት ከሐዘን በኋላ ነው። የእኛ ጥያቄ ሚስቱ በሕይወት ስላለችው ሰው ነው። ልቡ የተከፈለ ነው፤ መንገዱን እያየ አልጋዋን ያስባል። ከዚህም በላይ በአገራችን ይህ በሽታ በስሙ አይጠራም፤ «ክፉ በሽታ» ተብሎ በቤት ይደበቃል። በጉዞው የተሳተፈ ሰው ለምን እንደ ወጣ ሲጠየቅ የቤቱን ምሥጢር ለገበያው መናገሩ ነው። ምሥጢሩ የእርሷ ነው፤ እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው የቅሬው ዳኛ ወይም ጎረቤቱ ሳይሆን እርሷ ናት። ካልወደደች ይቅር እንላለን።

ብትፈቅድ ግን የሚከለክለው ምክንያት አላገኘንም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የተገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከሐይቅ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተራ እየጠበቀ በአዲስ አበባ የሚቀመጥ ገበሬ ከሕክምናው ይልቅ ያደረበትና የበላው ሲያስጨንቀው ኖሯል፤ ላም ሸጦ የሄደም አለ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚህ ማደሪያ ቢውል ቃሬዛው በሌላ መልክ ቀጠለ ማለት ነው።

የሚቀረው የአልጋው ነገር ነው። ባል ስለት ሊያደርስ ሲሄድ ጎረቤት ሴቶች ከታማሚዋ ጋር ይውሉ እንደ ነበር ሁሉ በጉዞውም ቀን መድኃኒቷን በሰዓቱ የሚሰጣትና ቡና የሚያፈላላት ሰው አስቀድሞ መነገር አለበት። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሄዱ ዳገት፣ ሲመለሱ ቁልቁለት ይበዛዋል። ማለዳ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ከአጠገቧ ይደርሳል።