«ጣይቱ» ስለሚባለው ስም ትርጉምና ታሪክ



በአገራችን ልማድ ስም አንዱን ሰው ከሌላው ለመለየት ብቻ የሚሰጥ ምልክት አይደለም። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ ምኞቱን፣ ምስጋናውን ወይም ያለፈበትን ዘመን ደስታና መከራ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ከነዚህም ስሞች መካከል አበባ፣ ጽጌ፣ አደይ፣ ዝናቡ፣ ጀምበሬ እንደሚባሉት ከፍጥረት የተወሰዱት ብዙ ናቸው። በዛሬው ንግግራችን ከነዚሁ ወገን የሆነውን «ጣይቱ» የሚባለውን ስም እንመለከታለን። ይህን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በመንደሩ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ጣይቱ የምትባል ሴት አውቃለሁ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ስሙ ይህን ያህል ገናና ሆኖ ሳለ የሚጠሩበት ሰዎች ስለ ምን አነሱ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አስቀድሞ የቃሉን ትርጉም፣ ቀጥሎም ታሪኩን መመርመር ይገባል።

«ጣይ» ማለት ፀሐይ ማለት ነው። ቃሉ ከግዕዙ «ፀሐይ» የመጣ ሲሆን፣ የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ በአነጋገሩ ሁለት ነገር ለውጦበታል። በመጀመሪያ የ«ጸ»ን ድምፅ ወደ «ጠ» መልሶታል፤ ይህም «ጸጉር» የነበረውን «ጠጉር»፣ «ጸበል» የነበረውን «ጠበል» እንዳለው ያለ ነው። ሁለተኛም በመካከል ያለውን «ሐ» ውጦታል፤ ይህም ግዕዝ «ጸሐፈ» የሚለውን አማርኛ «ጻፈ» እንደሚለው ነው። እንግዲህ ፀሐይ ጠሐይ ሆነ፤ ጠሐይም ጣይ ሆነ። በመጨረሻው ላይ ያለው «ቱ» ደግሞ ከተማይቱ፣ ልጂቱ፣ ንግሥቲቱ በምንልበት ጊዜ እንደምንጨምረው የአንስታይ ጾታ ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ጣይቱ ሲባል «ፀሐይቱ»፣ ማለትም አንዲቱና የታወቀችው ፀሐይ ማለት ይሆናል። አማርኛችን ፀሐይን በሴት አንቀጽ ወጣች፣ ጠለቀች እያለ ስለሚጠራት፣ ስሙ ለሴት ልጅ መስማማቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ወላጆች ልጃቸውን በፀሐይ መጥራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ሰጪ ናት፤ እህሉን የምታበስል፣ ዝናቡ ሲያባራ የገበሬውን ፊት የምትመልስ እርሷ ናት። ለሁሉ ግልጽ የሆነውን ነገር «ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» እንላለን። ስለዚህም በዚህ ስም የምትጠራ ልጅ ለቤቷ ብርሃን እንድትሆን፣ ዝናዋም በአገር እንዲታወቅ የተመኙላት መሆኑ ይገባናል።

ይህ ምኞት እንደ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የደረሰለት ሰው የለም። የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ የሆኑት እቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበረ። በአገራችን ሥርዓት የክርስትናው ስም ለቤተ ክርስቲያን፣ የተጸውዖ ስም ደግሞ ለዓለም ኑሮ እንደሚያገለግል የታወቀ ነው። ሆኖም በታሪክ ፊት የቆመው ሁለተኛው ሆነ። በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ፤ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በጫኑ በሁለተኛው ቀን እርሳቸውም የእቴጌነት ዘውድ ተቀበሉ። በዚያን ጊዜ የተሰጣቸው ማዕርግ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል ነበረ። ስማቸው ፀሐይ፣ ማዕርጋቸው ብርሃን መሆኑን ልብ ይሏል። እናትና አባት ለአንድ ቤት የተመኙትን፣ መንግሥት ለአገር አደረገው ማለት ነው።

ማዕርጉም ባዶ አልነበረም። በሚያዝያ ወር 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ አማርኛው ሌላ ጣልያንኛው ሌላ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ የአገር ነፃነት በትርጉም ሥራ አይሸጥም ብለው ከጸኑት ሁሉ እቴጌ ጣይቱ ግንባር ቀደም ነበሩ። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ የመሸገው የጠላት ጦር የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝበት በማድረግ ምሽጉ እንዲለቀቅ ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋም የራሳቸውን ጭፍራ ይዘው ከጦርነቱ ስፍራ ተገኝተዋል።

ደግሞም ከፍጥረት የተወሰደ ስም የተሰጣቸው እኒህ እቴጌ፣ በተራቸው ከፍጥረት የተወሰደ ስም ሰጥተዋል። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ ስፍራውን «አዲስ አበባ» ብለው የሰየሙት እርሳቸው ናቸው። እኛ በየዕለቱ በደብዳቤ ራስጌ ላይ የምንጽፈው የከተማችን ስም እንግዲህ የእርሳቸው ስጦታ ነው።

ስሙ ይህን ያህል ክብር ካገኘ ታዲያ፣ ሴት ልጅ የወለደ ሁሉ ጣይቱ ብሎ ሊሰይም በተገባ ነበር ያሰኛል። ይሁን እንጂ እንዲህ አልሆነም። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛው የታሪክ ነው። የዐፄ ምኒልክ ሕመም በጸና ጊዜ፣ በ1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተባብረው እቴጌን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወደ እንጦጦ ወጥተው በጸሎት ተወስነው ኖሩ፤ በ1910 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዐረፉ። የሥልጣን ጀምበር በዞረች ጊዜ በስም ልጅን መሰየምም አብሮ ይቀዘቅዛል። ስሙም የአንዲት ሴት ብቻ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት የቋንቋ ነው። ትምህርት ቤትና ማተሚያ ቤት እየተስፋፉ በሄዱ መጠን፣ የመጽሐፉ አጻጻፍ «ፀሐይ» የአፉን አነጋገር «ጣይ»ን ተክቶታል። ስለዚህ የስሙ ትርጉም አልጠፋም፤ መልኩን ለውጦ እንዲያውም በዝቷል። ፀሐይ፣ ፀሐይነሽ የሚባሉ ሴቶች፣ ፀሐዩ የሚባሉ ወንዶች በየቤቱ አሉ። በትግርኛ ተናጋሪዎች ዘንድም የጣይቱ እኅት የሆነው «ፀሐይቱ» የተለመደ ስም ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ፣ በእንግሊዝ አገር የነርስነትን ሙያ ተምረው በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ዐርፈዋል። በልዕልቲቱ ስም የተሰየመችው፣ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሠርታ የበረረችው አውሮፕላን «ፀሐይ»ም በጣልያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ፣ ከ80 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ቆይታ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። ፀሐይ የሚለው ስም በሰውም በዕቃም ላይ ሲከበር፣ የጥንቱ ጣይቱ ግን በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ይኖራል።

አሁን ይህን ሁሉ ያነሣሁበትን ጉዳይ ልግለጽ። ስም የቋንቋ መዝገብ ነው። «ጣይቱ» የሚለው ቃል የአያቶቻችንን አነጋገር እንዳለ ይዞልናል። ይህን ስም የያዘች አንዲት ልጅ ወደ ጽሕፈት ቤት በመጣች ጊዜ፣ ጸሐፊው የተሳሳተ አጻጻፍ መስሎት «ፀሐይቱ» ብሎ ቢያቃና፣ አንድ ፊደል አርሜያለሁ ይላል እንጂ አንድ ታሪክ እንደ ሰረዘ አይታወቀውም። በልጅቱም ላይ የሚደርሰው ችግር ቀላል አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀቷ አንድ ስም፣ የትምህርት ቤት ካርዷ ሌላ ስም ይዞ ሲገኝ፣ ሥራ ለመቀጠርም ሆነ ውርስ ለመቀበል ያንኑ ሰው መሆኗን በማስረዳት ከቢሮ ወደ ቢሮ ስትንከራተት ትኖራለች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው ስም ድንጋጌ አኑሯል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ደግሞ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ አዟል። ሕጉ መዝገቡን ይከፍታል፤ ብዕሩን የሚይዘው ግን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ መዝገብ የምትይዙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ስም የሚያወጣው ወላጅ እንጂ ጸሐፊ አለመሆኑን አስታውሱ። ቃሉ እንግዳ ቢመስላችሁ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ፊደሉን በፊደል አስቆጥሩና እንደ ተነገራችሁ ጻፉ። እናንተም ወላጆች፣ የልጃችሁን ስም ትርጉም ለልጃችሁ ንገሩ፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ስሙ ሲጣመም ዝም አይልምና።

ጣይቱ የሚለው ስም ይብዛ ወይም ይነስ የወላጆች ፈቃድ ነው። ያሉት ጥቂቶቹ ግን ሳይጓደሉ ሊጻፉ ይገባቸዋል።