ከሚልዋኪ እስከ መማሪያ ክፍል፦ መፍትሔ ተኮር ምክር እንዴት እንደ ተወለደ



በትምህርት ቤት አማካሪ ለመሆን የሚሠለጥኑ ተማሪዎቻችን መፍትሔ ተኮር ምክርን የሚያውቁት በአብዛኛው በጥያቄዎቹ ነው። የተአምር ጥያቄ፣ የመለኪያ ጥያቄ፣ ችግሩ ያልታየበትን ጊዜ የሚፈልግ ጥያቄ፤ እነዚህን በቃል ያጠናሉ፣ በፈተና ይዘረዝራሉ፣ ያልፋሉ። ዛሬ የምናገረው ጥያቄዎቹ ከየት እንደ መጡ ነው። አመጣጣቸውን የማያውቅ አማካሪ እንደ ቅጽ ያነባቸዋል፤ በቅጽ የሚጠየቅ ተማሪ ደግሞ መልስ እንጂ ልቡን አይሰጥም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርት ቤት ምክር በአሜሪካ የተጀመረው የተማሪን ጭንቀት ለማድመጥ አልነበረም። ፍራንክ ፓርሰንስ በ1908 በቦስተን የከፈተው ቢሮ ዓላማው ወጣቶችን ከሚስማማቸው ሙያ ጋር ማገናኘት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ መንግሥት ደነገጠ፤ በማግሥቱ ዓመት የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግም ለአማካሪዎች ሥልጠና ገንዘብ መደበ። የተፈለገው በሳይንስና በሒሳብ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች ተለይተው እንዲወጡ ነበር። አማካሪው እንግዲህ ወንፊት ያዥ ነበር ማለት ይቻላል። ከወንፊቱ የቀረው ልጅ ወይ ወደ ቅጣት፣ ወይ የችግሩን ሥር ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚቆፍር ረጅም ሕክምና ይላካል።

ይህን የመቆፈር ልማድ በግልጽ ከተገዳደሩት መካከል በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ የነበሩት ተመራማሪዎች ይገኙበታል። ሪቻርድ ፊሽ፣ ጆን ዊክላንድ እና ፖል ዋትዝላዊክ በ1960ዎቹ አጋማሽ በጀመሩት የአጭር ጊዜ ሕክምና ማዕከል የቀጠሮውን ቁጥር በ10 ወሰኑት። ጥያቄያቸውም ተለወጠ፤ ችግሩ ለምን ተጀመረ ከማለት ይልቅ ችግሩን እስካሁን ያቆየው ምን ዓይነት ሙከራ ነው ይሉ ጀመር። ሆኖም ዓይናቸው አሁንም ችግሩ ላይ ነበር።

ዓይኑን ያዞሩት ባልና ሚስት ናቸው። ኢንሱ ኪም በርግ በ1934 በኮሪያ ተወልዳ፣ ፋርማሲ አጥንታ በ1957 ወደ አሜሪካ የሄደች ሴት ናት፤ በኋላ ወደ ማኅበራዊ ሥራ ሙያ ተሻገረች። ባለቤቷ ስቲቭ ደ ሼዘር የሚልዋኪ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ሙዚቀኛ፣ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። በ1978 ከባልደረቦቻቸው ጋር በሚልዋኪ የአጭር ጊዜ የቤተሰብ ሕክምና ማዕከልን መሠረቱ። አሠራራቸው ቀላል ነበር። አንዱ አማካሪ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፤ ሌሎቹ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት በስተጀርባ ሆነው ይመለከታሉ፤ በመካከል ዕረፍት ተደርጎ ይመካከራሉ። ንድፈ ሐሳብ ይዘው ገብተው ማስረጃ አልፈለጉለትም። ተመካሪው ምን ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል? በሚቀጥለው ቀጠሮስ ምን ይዞ ይመጣል? ይህን በትዕግሥት ይመዘግቡ ነበር።

በ1982 አንድ ቤተሰብ ወደ ማዕከሉ መጥቶ 27 ችግሮችን ዘረዘረ። አንዱም በግልጽ የተብራራ ስላልነበረ የመስተዋቱ ቡድን በየትኛው እንደሚጀምር ግራ ገባው። በመጨረሻም ለቤተሰቡ ያልተለመደ የቤት ሥራ ሰጠ፦ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ በኑሯችሁ ውስጥ እንዲቀጥል የምትፈልጉትን ነገር አስተውሉ። ቤተሰቡ ሲመለስ ነገሩ ተሻሽሎ ነበር፤ ከ27ቱ በአንዱም ላይ ግን ገና ውይይት አልተደረገም። ይህ ክስተት ለእኔ የዘዴው እውነተኛ የልደት ቀን ነው። መፍትሔው ከችግሩ ጋር የግድ የሥጋ ዝምድና እንደሌለው ያኔ ታየ።

ሁለተኛው ክስተት ለመምህራን ይበልጥ የቀረበ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዷ ሚሼል ዋይነር-ዴቪስ የአንዲት እናትን አቤቱታ ስታዳምጥ፣ እናትየዋ ልጇ ከቀጠሮው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት በትምህርቱ መጣጣር እንደ ጀመረ በመሐል ጣል አደረገች። ሌላ አማካሪ ቢሆን ይህን ትቶ ወደ ችግሩ በተመለሰ ነበር። እርሷ ግን እዚያው ቆመች፤ እንዴት ጀመረው? ምን ረዳው? ከዚያ በኋላ ቡድኑ አዲስ መጪዎችን ቀጠሮ ከያዙ ወዲህ የተሻሻለ ነገር እንዳለ ሆን ብሎ መጠየቅ ጀመረ፤ በ1987 በታተመው ጥናት ከ30 ተመካሪዎች 20ዎቹ አዎን ብለው መልሰዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን አማካሪው በር ከመክፈቱ በፊት ሰው ራሱን መርዳት እንደሚጀምር ያመለክታል።

ስመ ጥሩው የተአምር ጥያቄም ቢሆን በጠረጴዛ ላይ የተፈለሰፈ አይደለም። በችግር የተዋጠች አንዲት ተመካሪ ከዚህ የሚያወጣኝ ተአምር ብቻ ነው የሚል ትርጉም ያለው ነገር ስትናገር፣ ኢንሱ ኪም በርግ ቃሉን ከአፏ ተቀበለችና፦ እንግዲያው ተአምሩ ሆነ እንበል፤ ምን ተለውጦ ታገኚዋለሽ? አለቻት። ቃሉ የመጣው ከተመካሪዋ መሆኑን ልብ በሉ።

ዘዴው በ1990ዎቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ አቀባበሉ ሞቅ ያለ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሁለት ደወሎች መካከል የሚሠራ አማካሪ ለመቆፈር ጊዜ የለውም። በ1998 በቴክሳስ፣ ኦስቲን የተከፈተው ጋርዛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። ትምህርት ሊያቋርጡ የተቃረቡ ወይም ያቋረጡ ወጣቶችን ተቀብሎ፣ አማካሪዎቹን ብቻ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩንም መምህራኑንም በዚሁ ዘዴ አሠለጠነ። ሲንቲያ ፍራንክሊንና ባልደረቦቿ በ2007 ያሳተሙት 85 ተማሪዎችን ያነጻጸረ ጥናት የጋርዛ ተማሪዎች ከተመዘገቡባቸው ትምህርቶች የተሻለ ድርሻ ማጠናቀቃቸውን አሳየ። በተለመደው ጊዜ የተመረቁት ግን ከመደበኛው ትምህርት ቤት ያነሱ ነበሩ፤ ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱን በራሱ ፍጥነት የሚያስኬድ መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነው። በፍሎሪዳ፣ ብሮዋርድ አውራጃ ደግሞ ኢንሱ ኪም በርግና ሊ ሺልትስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አማካሪውን ወደ መማሪያ ክፍል አስገቡት። ከኋላ ተቀምጦ የሚሠራውን መልካም ነገር ብቻ ይጽፋል፤ በመጨረሻም ለመምህሩና ለተማሪዎቹ ያነብላቸዋል።

ይህ ሁሉ ዘዴው እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በ2008 የታተመ የ22 ጥናቶች ትንተና ያገኘው ውጤት አነስተኛ ነበር፤ የ2013ቱ ግምገማ ደግሞ ከ43 ጥናቶች በ32ቱ ጉልህ ጥቅም ተመልክቷል። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከውስጥ የመጣው ትችት ነው። ከሚልዋኪው ቡድን አንዷ የነበረችው ኢቭ ሊፕቺክ በ2002 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘዴው ከጥያቄ ስልትነት አልፎ ለስሜትና ለግንኙነት ቦታ እንዲሰጥ ሞግታለች። ትክክል ናት እላለሁ። ቤት ውስጥ የሚደበደብን ልጅ ድብደባው የማይኖርበት ቀን የትኛው ነው ብሎ መጠየቅና እዚያው ማቆም ምክር አይደለም። እዚያ የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው። ምሳ ሳይበላ የዋለችን ተማሪ ትኩረትሽን ከአንድ እስከ አሥር መዝኚልኝ ማለትም ያሳፍራል።

መለኪያን ካነሣሁ ዘንድ፣ በአማርኛ ስንጠይቅ የሚገጥመንን ልናገር። በእኛ ትምህርት ቤቶች «ከአሥር ስንት?» የፈተና ቋንቋ ነው፤ ነጥብ የሚሰጠው መምህሩ ነው። ስለዚህ ተማሪው ኑሮውን አይመዝንም፤ አማካሪውን ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር ይገምታል። መሰላል ሥሎ «አሁን የቱ ላይ ነህ?» ማለት ይሻላል። ተአምር የሚለው ቃልም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይለይ በመሆኑ ብዙ ልጆች «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ይዘጉታል፤ ይህ ስንፍና አይደለም፣ ተገቢ መልስ ነው። «ነገ ጠዋት ስትነሣ ነገሩ ተቃልሎ ብታገኘው በምን ታውቀዋለህ? ከቤትህ ቀድሞ የሚያውቅብህስ ማን ነው?» የሚለው የተሻለ በር ይከፍታል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለልምምድ ለምትወጡት። በዩኒት ሊደሩ ቢሮ ያለው መዝገብ የሚይዘው ልጁ ያጠፋበትን ቀን ብቻ ነው፤ ያላጠፋበት ቀን የትም አልተጻፈም። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ወደ እናንተ ሲላክ ስሙ በሦስት መምህራን ተመዝግቦ ይሆናል። የሚያስተምሩት ግን ሦስት ብቻ አይደሉም። ስሙን ወዳላስመዘገቡት መምህራን ሂዱና በእናንተ ክፍለ ጊዜ የት ይቀመጣል፣ ምን ይሠራል፣ እናንተስ ምን ትሉታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ልጁን ከዚያ በኋላ አነጋግሩት።